ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የዋይፋዩን ገመድ ቅበሩ

ጅማ ውስጥ ሆቴል ወይም ቢሮ እየገነባችሁ ከሆነ፣ ዋይፋዩን ለመጨረሻ አታቆዩት። ኮሪደር ላይ የተሰቀለ ማሰራጫ ሞገዱ እንግዳው አልጋ ዘንድ የሚደርሰው ብሎኬቱና የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ካዳከሙት በኋላ ነው፤ በተለይ ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ አይወድም። እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ማሰራጫ በየክፍሉ ብታስገቡ ይሻላል። ብዙዎቹ ከታች ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚሆን መሰኪያ አላቸው።

ኤሌክትሪክም ኢንተርኔትም የሚደርሳቸው በአንድ የኔትወርክ ገመድ ነው። ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ስዊቹ (የየክፍሉ ገመድ የሚሰካበትና ኃይልም ኢንተርኔትም የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ዋናው ራውተር ባትሪ ካላቸው የሁሉም ክፍል ዋይፋይ ይቀጥላል። ታዲያ ገመዱ ንጹሕ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ዋጋው ያጓጓል፣ ኃይል ሲሸከም ግን ይሞቃል፤ ከተለሰነ በኋላ ማን ያወጣዋል? ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የለመደውን ሳጥን ከመቅበሩ በፊት የማሰራጫውን መጠን አሳዩት። ብዙ ሞዴሎች 86 በ86 ሚሊሜትር የሆነ ሳጥን ይፈልጋሉ፤ ጥልቀቱንም ለኩ። ሥራው ሲያልቅ የማሰራጫዎቹን ኃይል ቀንሱ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ጎረቤት ክፍሎችን በቻናል (በሞገዱ ውስጥ ባሉ መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 አፈራርቁ፤ አለበለዚያ እርስ በርስ ይረባበሻሉ።