ተንቀሳቃሹን የአንጎል ኤምአርአይ አልጋ ዳር ስንጠቀም የሚሠሩ ስህተቶች

ከቡሬ ወይም ከደጀን በአምቡላንስ የመጣ፣ ራሱን የሳተና ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ላይ የዋለ ሰው ለአንድ ምስል ብሎ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ማውጣት ራሱ አደጋ ነው። በጎማ የሚሄደው፣ በተራ ሶኬት የሚሠራው፣ አንጎልን በማግኔት የሚያነሣው 0.064 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) መሣሪያ ለጎጃም ሆስፒታሎች የሚጠቅመው በዚህ ነው። የሚጎዳው ደግሞ እንዲህ ሲያዝ ነው።

መብራት ጠፍቷልና ማግኔቱም ጠፍቷል ማለት። አልጠፋም። ማግኔቱ ቋሚ ስለሆነ ገመዱ ተነቅሎም ይስባል። ጉልበቱ ከተለመደው 1.5 ቴስላ ኤምአርአይ በጣም ያነሰ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል፤ መቀስና የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ግን ማግኔቱ ከሚስብበት ወሰን ውጭ ይቆዩ። ወሰኑን ወለሉ ላይ በቀለም አስምሩ። በሽተኛው መናገር ካልቻለ አስታማሚዎቹን ጠይቁ፦ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) አለው? በሰውነቱ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ አለ? ብየዳ ሠርቶ ያውቃል? የሚያውቅ ከሌለ የደረት ጠባሳ ፈልጉ፤ የራስና የደረት ራጅ አንሡ። መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ጌጥና ክታብ ይውለቁ። የናስ መስቀል ባይሳብም ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ምስሉ ንጹሕ ስለሆነ ስትሮክ የለም ብሎ መዝጋት። ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። መሣሪያው ትልቅ ደም መፍሰስን፣ የአንጎል መካከለኛ መስመር መገፋትን፣ በአንጎል ውስጥ የውኃ መጠራቀምን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ትንሽ ስትሮክና በአንጎል ሽፋን ሥር ያለ ስስ ደም ግን ሊያመልጠው ይችላል። የደም መርጋት ማሟሟያ ለመስጠት ያለው ጊዜ ምልክቱ ከጀመረ 4.5 ሰዓት ነው፤ ሲቲ ስካን ቅርብ ካለ ደም አለመፍሰሱን በእሱ አረጋግጡ።

ሳይዘጋጁ ማስተኛት። የአንጎል ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ራሱ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው የሚተኛው። ለምስሉ ዝቅ ማለቱ ግፊቱን ይጨምራል፣ ምርመራው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የመተንፈሻ ቱቦው ተጠብቆ ታስሮ፣ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ፣ መሣሪያው ቦታውን ይዞ ሲያልቅ ብቻ ዝቅ አድርጉት። ለጥያቄያችሁ መልስ የሚሰጠውን ምስል አስቀድሙ፤ ለስትሮክ ዲፊውዥኑን (በአንጎል ውስጥ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ምስል)። በሽተኛው መሃል ላይ ቢናወጥና ምርመራው ቢቋረጥ ዋናው እጃችሁ ገብቷል።

ከባጃጅ የወደቀ ሰው አንገቱ ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጭንቅላቱን ብቻ ጎትታችሁ አታስገቡ፤ ከትከሻው ጋር አንድ ላይ ይንቀሳቀስ።

በአካባቢው ያለውን ኤሌክትሪክ መርሳት። ክፍሉ ከሬዲዮ ሞገድ የተከለለ አይደለም። የማያስፈልገውን ሁሉ ንቀሉ፣ የመድኃኒት ፓምፑንና ቬንቲሌተሩን በረጅም ቱቦ አርቁ። መብራት ሲቋረጥ የተጀመረው ምስል ይበላሻል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚያሻግር ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) አስቀድማችሁ አገናኙ።