ቅርንጫፍ የተተከለበት ጉድጓድ፦ በመሀል አዲስ አበባ የመንገድ ሥራ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የአዲስ አበባ ሹፌር ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ሲያይ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይፈልጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይተክላል፣ ይሄዳል። ቅጠሉ ደርቆ እስኪረግፍ ድረስ ያቺ ቅርንጫፍ የሰፈሩ የትራፊክ ምልክት ናት።

እኔ ኑሮዬ በመንገድ ሥራ ሳይቶች ላይ የትራፊክ ቁጥጥርና ሴፍቲ መከታተል ነው። እውነቱን ለመናገር ከአንዳንድ ሳይታችን ይልቅ ያቺ ቅርንጫፍ በደንብ ታስጠነቅቃለች። የተከላት ሰው ራሱ ሊገባበት ለጥቂት የተረፈ ሹፌር ስለሆነ ከሩቅ እንድትታይ አድርጎ ነው የሚያቆማት። እኛ ግን ጉድጓዱን ከውስጥ ሆነን ነው የምናየው። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ በቃላችን እናውቃለን። ከመገናኛ ተነስቶ ለሥራ ጉዳይ ወደ ፖስታ ቤት የሚወርደው ሰው ግን አያውቅም። ቀጥሎ የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህች ልዩነት የሚወለዱ ናቸው።

ማስጠንቀቂያውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ማቆም

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ አንድ ሌን ተዘግቷል እንበል። አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሦስት ኮን፣ አንድ የሚቆፍር ሰው የተሳለበት ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ፣ ከዚያ ወዲያው ጉድጓድ ነው። ሰሌዳው አለ፣ ፎቶ ተነስቶ ሪፖርት ውስጥ ገብቷል፣ ለሹፌሩ ግን ምንም አልጠቀመውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ ሰሌዳውን አይቶ፣ ነገሩ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ 2.5 ሰከንድ ቢፈጅበት 35 ሜትር ሄዷል። ሳይደናገጥ ለመቆም ደግሞ በደረቅና ሜዳማ አስፋልት ላይ ወደ 30 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 65 ሜትር መሆኑ ነው። ቁልቁለቱን፣ የዝናቡን ውሃና አሸዋ ጢም አድርጎ የጫነውን ገልባጭ ስትጨምሩበት 65ቱም አይበቃም። ፍጥነቱ 30 ከሆነ ግን ያው ሹፌር በ31 ሜትር ገደማ ይቆማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰሌዳ ከጉድጓዱ ሳይሆን መኪናው መቀዝቀዝ ካለበት ቦታ ወደኋላ ተለክቶ ነው የሚተከለው።

ኮኖቹን በአግድም ደርድሮ ሌኑን ባንዴ መዝጋትም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። መስመሩ ቀስ እያለ መጥበብ አለበት። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ለ60 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፍጥነት የሚጠቀምበት ስሌት አለ፤ የሚዘጋውን ስፋት በሜትር ውሰድ፣ በፍጥነቱ ካሬ አባዛ፣ ለ155 አካፍል። 3.5 ሜትር ሌን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 56 ሜትር የመጥበቢያ ርዝመት ይመጣል። ከ10 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ሲደረደር 7 ኮን ማለት ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ደግሞ 20 ሜትር ብቻ ይበቃል። «ከተማ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ ፎርማን ሞልቷል። መልሴ ያው ነው፦ ቦታ ከሌለ አስቀድመህ ፍጥነቱን አውርድ፤ ሁለቱንም እምቢ ማለት አይቻልም።

መኪናውን ቆጥሮ እግረኛውን መርሳት

ከሁሉ የሚከፋው ይሄኛው ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ የምንሠራው ፕላን ግን ስለ መኪና ብቻ ያወራል። የእግረኛው መንገድ ይቆፈራል፣ አንድ ሪባን ይታሰራል፣ ሰዉ የራሱን መላ ይፈልግ ይባላል። መላው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ወርዶ ከሃይገር ባስ ጋር መጋፋት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፒያሳ አካባቢ በነበርንበት ሳይት፣ ነጭ ዘንግ የያዙ አዛውንት በየቀኑ በሚሄዱበት በኩል መጡ። ቦዩን ማታውን ነበር የቆፈርነው። ዙሪያውን ፌሮ ተክለን ቀይና ነጭ ሪባን አስረናል። ዘንጋቸው በሪባኑ ሥር ሾልኮ አለፈ፤ የሚመታው ነገር አላገኘም። ሪባኑ ደረታቸውን ሲነካቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን አነሡ። ሲሚንቶ ስታቦካ የነበረች የቀን ሠራተኛ «አባባ! ይቁሙ! አባባ!» ብላ አካፋዋን ጥላ ሮጠች። ክንዳቸውን ስትይዝ የፊተኛው እግራቸው ልል አፈር ላይ ነበር። አዛውንቱ ግራ ገብቷቸው «ልጄ፣ ትናንት እኮ እዚህ መንገድ ነበር» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሪባን ብቻውን አጥር ነው የሚለኝን ሰው አልሰማም። ዓይነ ስውር በዘንጉ የሚያገኘው፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለ ያልተቋረጠ ጣውላ፣ ከላዩ ደግሞ ለእጅ የሚሆን ሌላ ጣውላ ያስፈልጋል። ጫፉ ያልተሸፈነ ፌሮማ ራሱ ጦር ነው፤ የወደቀበትን ይወጋል።

ለእግረኛው 1.5 ሜትር ንጹሕ መተላለፊያ ይተውለት። የእግረኛ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ከተቆፈረ ከመኪናው ሌን ተቆርጦ ይሰጠውና በመካከል ኮን ሳይሆን የኮንክሪት መከላከያ ይቀመጥ። ይሄም ካልተቻለና «በወዲያኛው በኩል ሂዱ» የሚል ምልክት ካስፈለገ፣ ምልክቱ የሚቆመው ዜብራው ጋ ነው። መቶ ሜትር ሄዶ ቁፋሮው ላይ የደረሰ ሰው ወደኋላ አይመለስም፤ ባለበት ይሻገራል። እርስዎም እኔም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የታክሲ ሰልፍ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ መጫኛውን 80 ሜትር ወደ ፊት ገፍተን ሰሌዳ ብናቆም ሰልፉ ጠዋት የሚገኘው የድሮ ቦታው፣ ሎደሩ የሚዞርበት ላይ ነው። ከሰሌዳ ይልቅ ተራ አስከባሪዎቹን በዋዜማው አግኝቶ ቡና እየጠጡ መነጋገር ይሻላል። «ነገ ከዚህ ነው የምትጭኑት፣ ወንድሜ፤ እዚህ ጋ ማሽን ይገባል» ሲባሉ ሰልፉን ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

የቆርቆሮ አጥርም አንድ ነገር አለበት። አቧራውንም ሰዉንም ይከላከላል፣ ጥሩ ነው። እስከ መንገዱ ማዕዘን ድረስ ሲዘረጋ ግን የሚታጠፈው ሹፌር ከአጥሩ ጀርባ የሚመጣውን ልጅ አያየውም፣ ልጁም መኪናውን አያይም። ማዕዘኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ ሜትሮች በሽቦ መረብ መተካት ብዙ ወጪ የለውም።

አፈሩን ቦዩ ጠርዝ ላይ መከመር

አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። ይህን ጠርዙ ላይ ከምረን ሥር ሰው እናወርዳለን። የአዲስ አበባ መረሬ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ እምነት የሚጣልበት አፈር አይደለም። ክምሩ ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ከደረሰ ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም ተዳፋት ሳይደረግ ማንም አይውረድ። ሲኖ ትራክ አጠገቡ ባለፈ ቁጥር መሬቱ እንደሚንቀጠቀጥም አይረሳ።

ባንዲራውን ላገኙት ሰው መስጠት

ጠዋት ድንጋይ ሲያቀብል የነበረ ልጅ ከሰዓት ቀይ ጨርቅ ይሰጠውና «መኪና አስቁም» ይባላል። ሳይቱ ላይ ትንሹን የቀን ክፍያ የሚያገኘው ሰው የሁላችንንም ሕይወት ይዞ ይቆማል። እኔን ብትጠይቁኝ ፍላግማን የሚመረጠው ከሁሉ ቀድሞ ነው፤ ንቁ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ በወያላ ስድብ የማይቆጣ ሰው ይፈለጋል።

የሚቆመው ሌኑ መሀል ሳይሆን ጠርዙ ላይ፣ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አዙሮ፣ መኪናው ባይቆም የሚሸሽበትን አስቀድሞ አይቶ ነው። ኤክስካቫተሩን ለማየት ዞር ያለ ፍላግማን የለም ማለት ይቀላል። መንገዱ ጠቦ በተራ የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ እርስ በርስም መተያየት አለባቸው። ካልተያዩ ሬዲዮ ይያዙ፤ «ነጭ ቪትዝ መጨረሻ ናት!» ካልተባለ ወዲያኛው አይለቅም። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ከቆመ ደግሞ ባንዲራው ይውረድ። አንዱ ሂድ፣ ሌላው ቁም ሲለው ሹፌር የሚመርጠው ሂድ ያለውን ነው።

ሰደርያውን፣ ሄልሜቱንና ጫማውን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማሳየትን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ፀሐይ አንጥታው ብርቱካናማነቱ የጠፋ ሰደርያ ግን ልብስ እንጂ መከላከያ አይደለም።

ባዶውን ቦታ መሙላት

በኮኑ መስመርና በሠራተኛው መካከል ባዶ የሚተው ቦታ አለ። ጥቅሙ ባዶነቱ ነው፤ ስቶ የገባ መኪና ሰው ሳይነካ የሚቆመው እዚያ ነው። እኛ አገር ግን ባዶ ቦታ አይወደድም። የኢንጂነሩ ፒካፕ ይቆምበታል፣ ከርብስቶን ይራገፍበታል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የሮለሩ ጥላ አርፎበት ስድስት ሰው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ይቀመጥበታል። ይህን አይቼ ስቆጣ «ጥላ የለማ!» አሉኝ። ልክ ናቸው። በማግስቱ አጥሩ ውስጥ ሸራ አስወጠርኩላቸው፣ ነገሩም አበቃ።

ማታን እንደ ቀን መቁጠር

እዚህ ከተማ ክረምት ከበጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ መሸ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሮጥበት ሰዓት ነው። ቀን የሚያምር ኮን ማታ የሚታየው በአንጸባራቂ ቀበቶው ብቻ ነው፤ ቀበቶው በሲሚንቶ አቧራ ከተሸፈነ ኮኑ የለም። መፍትሔው እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሥር ደቂቃ። የምሽት ሥራ ካለ ደግሞ ፓውዛው ወደ ሥራው ዝቅ ብሎ ይዙር። ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ዓይን ላይ ነው የምንተክለው፤ ከብርሃኑ ጀርባ ያለውን ሠራተኛ ጨለማ ይውጠዋል። በመብራት መጥፋት ጊዜ ለብቻው የሚሠራ ባትሪ ያለው ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም ይኑር።

የሌሊቱን ነገር ማወቅ የፈለገ የሳይት ጥበቃውን ይጠይቅ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮኖቹ ተሰልፈው ስለማገኛቸው ሁሉ ሰላም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጥበቃችንን «አባባ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብላቸው «ደኅና ነው ልጄ፤ ሦስተኛዋን እንደ ልማዷ ገጭተዋት ነበር፣ አነሣኋት» አሉኝ። እንደ ልማዷ! ለካ ያቺ ኮን በየሌሊቱ ትገጭ ኖሯል። ሄጄ ሳየው ከላይኛው መታጠፊያ የሚመጣ መኪና መብራቱ እሷን የሚያገኛት በመጨረሻው ሰዓት ነው። መስመሩን 15 ሜትር ወደኋላ ሳብነው፣ መገጨቷም ቆመ። አሁን የጥበቃ መዝገብ ላይ «የተገጨ ኮን» የሚል ዓምድ አለን።

ክረምትን በበጋ ፕላን መግባት

በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ጉድጓዱን ሞልቶ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ያደርገዋል፤ የአንድ ሜትር ጥልቀት ኩሬ ይመስላል። ውሃው መሄጃ ሳይዘጋጅለት የፍሳሽ መስመር አይቆፈር። ቦይ ላይ የሚጣል ላሜራ ይታሰር፤ እርጥብ ላሜራ ለሞተር ሳይክል ሳሙና ነው።

የቀን መቁጠሪያም አብሮ ይታይ። መስከረም 16 ደመራ በሚበራበት መስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ ወይም ጥር 10 ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ክፍት ቦይ ይዞ መገኘት ሰበብ የለውም፤ ቀኑ ከዓመት በፊት የታወቀ ነው።

ገልባጩን ወደኋላ መልቀቅ

ያለ ጠቋሚ ሰው ወደኋላ የሚሄድ መኪና አይኑር። ጠቋሚው በሹፌሩ መስታወት ውስጥ ይታይ፤ ከተሰወረ ሹፌሩ ይቁም። ማንቂያ ድምፁ ብቻውን አይበቃም፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ ድምፅ ጆሮ አይገባም።

ጨርሶ መርሳት፣ ወይም ከተሳሳተው ጫፍ ማንሣት

ሥራው አልቆ ሳምንት የቆመ «መንገድ ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ሹፌሩን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ ሰሌዳ ውሸታም ነው። የሚቀጥለውን እውነተኛ ሰሌዳ አያምነውም። ለቀኑ ሥራ ከሌለም ይሸፈን።

ስንተክል የምንጀምረው ሹፌሩ መጀመሪያ ከሚያገኘው ሰሌዳ ነው። ስናነሣ ደግሞ ተገልብጦ ከሥራው ቦታ ተነሥተን ወደኋላ፣ ያ የመጀመሪያው ሰሌዳ በመጨረሻ። ልጆቹ ግን ፒካፑ ከቆመበት አጠገብ ያለውን ሰሌዳ ቀድመው ጭነው ኮን ለመልቀም ይሄዳሉ። ያን ሰዓት ሌኑ መሀል ኮን ታቅፎ የቆመውን ልጅ ከኋላው ለሚመጣው ሹፌር የሚነግርለት ምንም ነገር የለም።