የድሮ ሆሊውድ ፊልም ሳይሰለቹ ለማየት

ብዙ ሰው የድሮ ሆሊውድን የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። «የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞች» የሚል ዝርዝር ያገኝና ከላይ የተቀመጠውን «ሲትዝን ኬን» ይከፍታል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ያወጣል፣ ከዚያ «ጥቁርና ነጭ ፊልም ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይዘጋዋል። ጥፋቱ የሰውየውም የፊልሙም አይደለም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቴሌቪዥኑም በትክክል አልተስተካከለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ

ሰፊው ሲኒማስኮፕ በ1953 እስኪመጣ ድረስ የሆሊውድ ፊልም ምስል ስፋቱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ብቻ ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን 16፡9 ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ መሆንም አለበት። ያንን ጥቁር ለመሙላት «ዙም» ወይም «ዋይድ» የሚጫን ሰው ወይ የተዋናዩን አናት ይቆርጠዋል፣ ወይ ሃምፍሬይ ቦጋርትን ፊቱ ያበጠ ያስመስለዋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ክብ ነገር ፈልጉ፤ የግድግዳ ሰዓት፣ ሰሃን፣ የመኪና ጎማ። እንቁላል ከመሰለ ምስሉ ተለጥጧል። ከኢንተርኔት የምታዩ ከሆነ ጥቁሩ ከፊልሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ቴሌቪዥኑን በ16፡9 ተዉት። 4፡3 ካደረጋችሁት ምስሉ ሁለተኛ ይጠብና ሰዉ ሁሉ ይቀጥናል። 4፡3 የሚያስፈልገው ከአሮጌ ዲቪዲ ወይም ከዲሽ የሚመጣ ምስል ተለጥጦ ሲታይ ነው።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፉ። ሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ፊልሙ የተቀረጸው በሴኮንድ 24 ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በየመሃሉ የራሱን ምስል እየፈበረከ ሲሰካበት የ1940ዎቹ ፊልም የሰርግ ቪዲዮ ይመስላል። «ቪቪድ» የሚለውንም ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ቀይሩት፤ አለዚያ ጥላው ሁሉ ጥላሸት ይሆንና በጥላ የሚጫወቱት ፊልሞች ግማሽ ትወናቸው ይጠፋል። ድምፁ ሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ የተቀዳ) ስለሆነ የ«ሰራውንድ» ማስመሰያውን ዝጉት፣ ንግግሩን ያፍነዋል።

ቅጂውንም መርምሩ። «ሂስ ገርል ፍራይደይ» (1940) እና «ቻሬድ» (1963) የባለቤትነት መብት ስለሌለባቸው ኢንተርኔቱ በፈዘዘና በተቧጨረ ቅጂያቸው ተሞልቷል። ታድሶ የወጣውን ፈልጉ። ሌላው መፈተሻ ርዝመቱ ነው። «ካዛብላንካ» 102 ደቂቃ ነው። ያገኛችሁት 98 ደቂቃ ከሆነ ምናልባት አልተቆረጠም፤ በሴኮንድ 25 ምስል እንዲሄድ ተፋጥኖ ሊሆን ይችላል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ቀለም የተቀባ ቅጂ ካጋጠማችሁ አትዩት። መብራቱ ለግራጫ ተብሎ ነው የተሠራው።

ከየት መጀመር

ከ«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957) ጀምሩ። 96 ደቂቃ፣ አሥራ ሁለት ፈራጅ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ በግድያ የተከሰሰ የአንድ ልጅ ነፍስ። አሜሪካን ማወቅ፣ ታሪክ ማንበብ አያስፈልግም፤ ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ካሜራውን መጀመሪያ ከዓይን ከፍታ በላይ አስቀምጦ፣ ወደ መሃል ዓይን ላይ አውርዶ፣ መጨረሻ አካባቢ ከዓይን በታች ያደርገዋል። ሌንሱንም እያረዘመው ይሄዳል። ስለዚህ ግድግዳው እየቀረበ፣ ኮርኒሱ እየወረደ ይመጣል። ሙቀቱ እናንተም ላይ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሁሉም ሄንሪ ፎንዳን ያወድሳል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራው ቀላል ነበር፣ ልክ የሆነውን ሰው መጫወት። ፊልሙን የተሸከመው እስከ መጨረሻ የሚሞግተው ሊ ጄ ኮብ ነው።

ሁለተኛው «ካዛብላንካ» (1942)። ለእኛ አንባቢ አንድ ሚጢጢ ስጦታ አለበት፦ የፖሊስ አዛዡ ሬኖ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት የሪክን (ሃምፍሬይ ቦጋርት) ያለፈ ሕይወት ሲቆጥር በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳሻገረ ያነሳል። ሪክ በደንብ ተከፍሎኛል ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሬኖ ደግሞ አሸናፊዎቹ የበለጠ ይከፍሉህ ነበር ይለዋል። ብዙ ተመልካች ሳይሰማው ያልፋል። ነገር ግን የሪክ ባሕርይ ሁሉ እዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ ጣሊያን ሲወርረን ከማን ወገን እንደነበር ከታወቀ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው አያስገርምም።

ሦስተኛ «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944)፣ አራተኛ «ኦን ዘ ወተርፍሮንት» (1954)። «ሲትዝን ኬን» (1941) አምስተኛ ይሁን። «ሂስ ገርል ፍራይደይ»ን ከዚያ በኋላ አድርጉት። ተዋናዮቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተናገሩ በጥድፊያ ስለሚሄዱ፣ የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ ለሚያይ ሰው ፊቱን ለማየት ጊዜ አይተርፍም። ቀልዱ ደግሞ ፊቱ ላይ ነው።

ትወናውን እንዴት መመዘን

ተናጋሪውን ሳይሆን አድማጩን እዩ። «ካዛብላንካ» ውስጥ ጀርመኖቹ ሲዘፍኑ የፀረ ናዚ ታጋዩ ላዝሎ ወደ ባንዱ ሄዶ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ማርሴዬዝን እንዲጫወቱ ያዛል። ሙዚቀኞቹ ወዲያው አይጀምሩም፤ ዘወር ብለው የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ሪክን ያያሉ። ቦጋርት አንገቱን ብቻ ነቀነቅ ያደርጋል። ቃል የለም፣ ሙዚቃ ገና አልተጀመረም፤ ሰውየው ወገን የመረጠው ግን ያኔ ነው። እያለቀሰች የምትዘምረው ማድሌን ለቦ ከናዚዎች ሸሽታ የመጣች ፈረንሳዊት ነበረች። የጀርመኑን ሻለቃ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይትም ራሱ ጀርመንን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። በነገራችን ላይ የመጠጥ ቤቱን ፒያኖ ተጫዋች ሳምን የሚጫወተው ዱሊ ዊልሰን ከበሮ መቺ እንጂ ፒያኖ ተጫዋች አልነበረም፤ ፒያኖውን ከካሜራ ውጭ ሌላ ሰው ይመታለት ነበር።

ሁለተኛው መመዘኛ እጅ ነው። ድምፁን ለሦስት ደቂቃ ዝጉና እጃቸውን ተከተሉ። «ኦን ዘ ወተርፍሮንት» ላይ ማርሎን ብራንዶና ኢቫ ማሪ ሴንት መናፈሻ ውስጥ ሲሄዱ ጓንቷ ይወድቃል። ያነሳዋል፣ አይመልስላትም። ያራግፈዋል፣ ዥዋዥዌ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ያንን ትንሽ ነጭ ጓንት በቦክሰኛ እጁ ላይ ያጠልቀዋል። እሷ መሄድ ትፈልጋለች፤ ጓንቷ እሱ ጋ ነው። የሚያወሩት ቢጠፋ እንኳ በመካከላቸው ያለው ነገር ሁሉ ይነበባል። ይህን ፊልም ስታዩ አንድ ነገር እወቁ፦ ዳይሬክተሩ ኤሊያ ካዛን በ1952 በኮሚኒስትነት የጓደኞቹን ስም ለምክር ቤት ኮሚቴ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ፊልሙ ደግሞ የሚመሰክር ሰውን ጀግና ያደርጋል። ትወናውን ወድዶ ነገሩን መጠርጠር ይቻላል።

«ደብል ኢንደምኒቲ»ም እጅ ላይ የቆመ ነው። ኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን ሲጋሩን ይዞ ክብሪት አይኖረውም፤ ፍሬድ ማክመሪ በአውራ ጣት ጥፍሩ ጭሮ ያቀጣጥልለታል። ቁጠሩት፤ መጨረሻ ላይ ማን ለማን እንደሚጭር ስታዩ የፊልሙ ፍቅር ከሴትየዋ ጋር እንዳልነበር ትረዳላችሁ። የባርባራ ስታንዊክ ዊግ ርካሽ ይመስላል፤ ይምሰል፣ ሴትየዋም እንደዚያው ናት። ሮቢንሰን በሕይወቱ አንድም ጊዜ ለኦስካር አልታጨም። ኦስካርን እንደ መመዘኛ የሚይዝ ሰው ይህን ያስብ።

ትልቁ ስህተት «አበዛው» ብሎ መፍረድ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ከቲያትር መድረክ የመጡ ናቸው፤ ያ ግማሽ እንግሊዝኛ ግማሽ አሜሪካዊ የሚመስለው አነጋገርም የተማሩት እንጂ የተወለዱበት አልነበረም። አንዳንዴ ደግሞ ማብዛቱ ራሱ ነው ጉዳዩ። «ሰንሴት ቡሌቫርድ» (1950) ላይ ግሎሪያ ስዋንሰን ጣቷን እያጣመመች፣ ዓይኗን እያፈጠጠች ድምፅ የሌለው ፊልም ዘመን ያለፈባትን ኮከብ ትጫወታለች። እሷ ራሷ የዚያ ዘመን ኮከብ ነበረች። አሽከሯን የሚጫወተው ኤሪክ ቮን ስትሮሃይም ደግሞ በእውን ዳይሬክተሯ የነበረ ሰው ነው።

ያልተባለውን ለማንበብ

ከሐምሌ 1934 ጀምሮ ጥብቅ የነበረውና በ1968 በዕድሜ ደረጃ የተተካው የስቱዲዮዎቹ የሥነ ምግባር ሕግ ካልታወቀ ብዙው ነገር የጅል ይመስላል። ባልና ሚስት በተለያየ አልጋ የሚተኙት፣ ወንጀለኛው ሁሉ የሚቀጣው ለዚህ ነው። ጎበዞቹ ግን መውጫ አላጡም። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ «ኖቶሪየስ» (1946) ላይ ኬሪ ግራንትና ኢንግሪድ በርግማን እንዲሳሳሙ ያደርግና ያቋርጣቸዋል፣ ያወሩና እንደገና ይሳማሉ፣ ስልክ ይደወላል፣ እንደገና። ሳንሱሩ ረጅም መሳሳም ከለከለ፤ እሱ በአጫጭሩ ከፋፍሎ ደቂቃዎች አስቆጠረው። ትዕይንቱ ተቋርጦ ወደ መስኮት፣ ወደ እሳት ወይም ወደ ሌላ ቀን ከዘለለ፣ የተዘለለው ምን እንደሆነ መገመት የተመልካቹ ሥራ ነው።

ስሙ የገነነው ሁሉ

«ሲትዝን ኬን» የሚደነቅ እንጂ የሚወደድ ፊልም አይደለም። ኦርሰን ዌልስ 25 ዓመቱ ነበር። ሁለት ቦታ ተመልከቱና ቀሪው ይቆያችሁ፦ እናትየዋ ውል ስትፈርም በስተጀርባ በመስኮቱ ሕፃኑ በረዶ ላይ ሲጫወት የሚታይበት፣ እና የቁርስ ጠረጴዛው። በሁለት ደቂቃ ገደማ አንድ ትዳር ሲበርድ ታያላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ሚስትየዋ የባሏን ተፎካካሪ ጋዜጣ ዘርግታ ታነባለች። ከትወናው ግን ዶሮቲ ካሚንጎር ከዌልስ ትበልጣለች።

«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» (1939) ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ነው። እስከ ዕረፍቱ ያለውን አይቶ ማቆም ነውር የለውም፤ ሁለተኛው አጋማሽ ይንዛዛል። ቪቪያን ሊ እሳት ናት። ሌስሊ ሃዋርድ በ40ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ሆኖ ወጣት አፍቃሪ ሲጫወት ያሳዝናል። ባርነትን የሚያሳይበት መንገድ ውሸት ነው፤ ይህ ደግሞ በ«ዘመኑ ነው» አይታለፍም። ሃቲ ማክዳንኤል በዚህ ፊልም ኦስካር በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ ሽልማቱ ቀን ግን ከባልደረቦቿ ተለይታ በሌላ ጠረጴዛ ነው ያስቀመጧት። ፊቷን ካያችሁ ከተሰጣት ጽሑፍ በላይ ስትሠራ ታገኟታላችሁ። «ብሬክፋስት አት ቲፈኒስ» (1961) ላይ ሚኪ ሩኒ ጃፓናዊ መስሎ የሚታይበትን ሁሉ ወደፊት አሳልፉት፤ ታሪኩ አይጎድልም።

የወደዳችሁትን ፊልም ከአንድ ወር በኋላ ድገሙትና አንድ ሰው ብቻ ተከተሉ። «ካዛብላንካ»ን ሬኖን በሚጫወተው በክሎድ ሬይንስ ሞክሩት። ኮፍያውን እንዴት እንደሚያደርግ፣ ማንን ቀና ብሎ ማንን አሽሟጦ እንደሚያይ፣ አየር ማረፊያው ላይ የቪሺ (ለናዚ ያደረው የፈረንሳይ መንግሥት መቀመጫ) ውሃ ጠርሙሱን ስሙን አንብቦ ቅርጫት ውስጥ እስኪጥለው።