የተራራ ጅረት ዓሣ ማደጉንና መክሳቱን እንዴት እንለካለን?

የተራራ ጅረት አገር በቀል ዓሣ ኑሮው ከባድ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ምግቡም የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ጅረቱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ዓሣውን መቁጠር ብቻ አይበቃም። ሥጋ ይዟል ወይስ ከስቷል? ይህን ማወቅ በአንድ ማስመሪያና በአንድ ሚዛን ይቻላል።

አስቀድማችሁ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ አውጡ። ዕንቁላል በሚጥሉበት ወቅት አትንኳቸው።

ጠዋት፣ ውሃው ሳይሞቅ በመረብ ያዙ። ባልዲውን በዚያው በጅረቱ ውሃ ሙሉና ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ካደረገ ታፍኗል ማለት ነው። መለካቱ ይቅርና ወዲያው ልቀቁት።

እጃችሁን ሳታርሱ ዓሣ አትያዙ። ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን የሚያሟልጭ ልባስ ይገፍፈዋል። እርጥብ ሰሌዳ ላይ አጋድሙት፣ አፉን የሰሌዳው ጫፍ ላይ አስጠጉና እስከ ጅራቱ ጫፍ ለኩ። ጅራቱ ለሁለት እስከሚከፈልበት ድረስም መለካት ይቻላል። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት ነው።

ለሚዛኑ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ፈልጉ። ውሃ ያለበት ዕቃ አስቀምጡበትና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ከዓሣው ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አራግፉና አስገቡት። ለትንንሾቹ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ጻፉና ቶሎ ወደ ጅረቱ መልሱት፤ ሂሳቡ ኋላ ይደርሳል።

ሂሳቡ የፉልተን ቀመር ይባላል። ክብደቱን በግራም፣ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ውሰዱ። ርዝመት ሲባዛ በርዝመት ሲባዛ በርዝመት አስሉ፣ ክብደቱን በውጤቱ አካፍሉ፣ ከዚያ በ100 አባዙ። 15 ሴንቲ ሜትርና 40 ግራም የሆነ ዓሣ 40 ሲካፈል ለ3375፣ ሲባዛ በ100፣ 1.19 ገደማ ይመጣል። አሁን ርዝመቱን ተሳስታችሁ 14 ብላችሁ ጻፉ እንበል። ውጤቱ 1.46 ይሆናል! የአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት ዓሣውን ከእውነቱ የበለጠ ወፍራም አደረገችው። እኔ ከሂሳቡ ይልቅ በማስመሪያው ላይ ጊዜ አጥፉ የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። ረጅምና ቀጭን ሆኖ የተፈጠረ ዝርያ ከድንቡሼው ጋር አይወዳደርም። አንዱን ዝርያ ከራሱ ጋር፣ ተቀራራቢ ርዝመት ያላቸውን፣ በተመሳሳይ ወቅት አወዳድሩ። ዕንቁላል የያዘች ሴት ቁጥሯ ከፍ ይላል፤ ከጣለች በኋላ ይወርዳል። ይህ በሽታ አይደለም። ትልቁም ትንሹም ወቅቱ ሳይሆን አብረው ከከሱ ግን ምግቡን፣ ውሃውንና የዓሣውን ብዛት መመርመር ነው።

ዕድገቱን ለማወቅ ደግሞ ምልክት የተደረገበትን ዓሣ መልሶ መያዝ ያስፈልጋል። በ60 ቀን 12 ሚሊ ሜትር ከጨመረ በቀን 0.2 ሚሊ ሜትር አድጓል። ዕድሜውንስ? ቅርፊቱ ላይ ያሉት ቀለበቶች ዕድገት ሲዘገይ ይጠጋጋሉ፤ ጥቂት ቅርፊት በባለሙያ ተወስዶ በማጉያ ይታያል። ከጆሮው ውስጥ በሚወጣው ጠጠር መሰል ነገር ማወቅ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ዓሣው መሞት አለበት። ቁጥሩ ለተመናመነ ዝርያ ይህን መንገድ አልመክርም።