ሕንፃው ቃል አይገባም፦ እንግሊዝኛን በጀግና ኮሚክ

የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ነው፤ 63 ተማሪ፣ አንድ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ። እናንተም ሙሉ መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። ስድስት ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ምረጡ፤ ወሬ የበዛበትን ትታችሁ ሩጫና ፍንዳታ ያለበትን። ንግግሩን በነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ ፎቶ ኮፒ አንሱት።

መጀመሪያ የሚያዩትን ይናገሩ፦ «ሂ ኢዝ ፍላይንግ»፣ «ዘይ አር ራኒንግ»። ቀጥሎ ጀግናው ቀን ቀን ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ከወጣ ጀምሮ ዘጋቢ ነው፤ «ሂ ዎርክስ»። የ1962ቱ ስፓይደርማን ደግሞ ተማሪ ነበር፤ «ሂ ስተዲስ» ሲሉ የራሳቸው ጉዳይ ይሆናል።

እኔ የምወደው ግን ሁለቱም ስለ ወደፊት የሚናገሩትን «ዊል»ን ከ«ጎይንግ ቱ» መለየቱን ነው። ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ለፍቼበታለሁ! ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ሕንፃው አዘምሟል፤ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ፎል»። ምልክቱ በዓይን ይታያላ። ጀግናው እዚያው ወስኖ «አይ ዊል ሴቭ ዩ» ይላል። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ሕንፃው ቃል አይገባማ» ብላ ከእኔ አሳጥራ አስረዳችልኝ።

«ክራሽ» እና «ስማሽ» ድምፅም ግሥም ናቸው። በአማርኛ ምን እንደሚባሉ ጠይቁ፤ «ጓ!» «ዷ!» እያሉ ክፍሉን ይንጡታል። የጎረቤት ክፍል መምህር ይቆጣል፣ ቃሉ ግን አይረሳም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ኮሚክ ብዙውን ጊዜ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይጻፋል። ደብተራቸው ላይ ሲገለብጡ ወደ ትንንሹ ይመልሱት። ደምቆ የተጻፈውን ቃል ደግሞ ጫን ብለው ያንብቡት።