የሕንጻ ግድግዳን እንደ ባሕር ገደል መቁጠር፦ በመሐል አዲስ አበባ የወፍ ቆጠራ አሠራር

መሐል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመስኮቶቹ በላይ ወጣ ያለ ጠርዝ ባለው አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ ፊት ማለዳ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው፣ ከጠርዞቹ በአንዱ ላይ ጠቆር ያለች ግራጫ ርግብ ሊያይ ይችላል። ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ካላትና ስትበር ከክንፏ ላይ ነጭ ቦታ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ባለ ነጭ አንገትጌዋ ርግብ ናት። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም አትገኝም። የጥንት ቤቷ ገደል ሲሆን፣ ከተማ ስትገባ ግን ሕንጻውን እንደ ገደል ቆጥራ ጎጆዋን ትሠራበታለች፣ ታድርበታለችም። ይህ ጽሑፍ የባሕር ወፎች እንቁላል ጥለው በሚፈለፍሉባቸው ገደሎች የሚሠሩ የጥብቅ ስፍራ ዋርደኖች፣ ማለትም ጠባቂዎች፣ የሚከተሉትን የቆጠራ ሥርዓት ወስዶ፣ አንድ ሰው በአንድ የከተማ ግድግዳ ላይ እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል ያስረዳል።

ባሕር የሌላት አገር ከባሕር ወፍ ጠባቂዎች መማሯ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ እነርሱ ለመቁጠር እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ነገር የሚቆጥሩ በመሆናቸው ነው። በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ በቤምፕተን የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ በመራቢያው ወቅት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የባሕር ወፎች ይሰፍራሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጊልሞት ጎጆ የለውም፤ አንዲቷን እንቁላል በባዶ ድንጋይ ላይ ጥሎ ከጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቆማል። እንቁላል የታቀፈውን እንዲሁ ከቆመው በሩቅ መለየት ስለማይቻል፣ ዋርደኖቹ ጥንዶችን ለመቁጠር አይሞክሩም፤ በጠርዙ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ወፍ ይቆጥራሉ። ጊዜውም የተወሰነ ነው፤ በፈረንጆቹ የሰኔ ወር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ ኃይለኛ ንፋስ፣ ዝናብና ጉም በሌለበት ቀን ይቆጠራል። ኪቲዌክ የምትባለው የባሕር ወፍ ግን ከጭቃና ከሣር ጎጆ ስለምትሠራ የሚቆጠረው ጎጆው ነው፤ ያውም እንቁላል ለመያዝ የሚበቃ ሆኖ ቢያንስ አንድ ወፍ ከተገኘበት ብቻ ነው። ይህችው ኪቲዌክ በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ፣ ከባሕሩ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በ1928 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የታይን ድልድይ ላይ ጎጆ ሠርታ ትፈለፍላለች። ስለዚህ የሰው ግንባታን በገደል ሥርዓት መቁጠር ከእኛ የሚጀምር አዲስ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳውን መምረጥ ነው። ብዙ ወፍ ያለበትን ግድግዳ ሳይሆን፣ ከአንድ ቦታ ቆመው ሙሉ በሙሉ ሊያዩት የሚችሉትን ይምረጡ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ቸርችል ጎዳና ላይ ከመንገዱ ማዶ አንድ ካፌ በረንዳ ካለው፣ ከዚያ የሚታየው የሕንጻ ፊት ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠን ሰው የሚጠራጠር ጥቂት ነውና። መቆሚያዎን አንድ ጊዜ ከወሰኑ በኋላ አይለውጡት። የጂፒኤስ ነጥቡን ይመዝግቡ፣ ከአጠገብዎ ያለውን የመብራት ምሰሶ ወይም የደረጃ ጫፍ በጽሑፍ ይግለጹ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ሳምንት ከበረንዳ፣ ሌላውን ከታች ከታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ሆኜ በመቁጠሬ፣ ከታች ሲታይ ጠርዙ ራሱ ወፎቹን ስለሚሸፍናቸው ቁጥሩ በግማሽ ያህል ወረደብኝ። ርግቦቹ የጠፉ መስሎኝ ብዙ ከተጨነቅሁ በኋላ የጠፋው መቆሚያዬ መሆኑን ተረዳሁ፤ የዚያን ወር መዝገብ በሙሉ መጣል ግድ ሆነ።

ቀጥሎ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ከመቆሚያዎ ላይ አንሥተው በትልቅ ወረቀት ያሳትሙ። የባሕር ገደል ዋርደኖች በፎቶግራፋቸው ላይ የዓለቱን ስንጥቅና የሣሩን መስመር ተከትለው ወሰን ያሰምራሉ፤ ከዓመት ዓመት የሚቆጠረው በዚያ ወሰን ውስጥ ያለው ብቻ ነው። በሕንጻ ላይ ሥራው ይቀላል፤ የመስኮቶቹ ረድፍ፣ ዓምዶቹና የዝናብ ውኃ ማውረጃ ቱቦዎቹ የተዘጋጁ ወሰኖች ናቸው። ፎቆቹን ከታች ወደ ላይ በቁጥር፣ የመስኮት ረድፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ በፊደል ይሰይሙ፤ ለምሳሌ «3 መ» ማለት ሦስተኛው ፎቅ፣ መ የተባለው ረድፍ ማለት ይሆናል። እዚህ ላይ በኛ ፊደል ብቻ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። አንዱ እየቆጠረ ሌላው የሚጽፍ ከሆነ ሀ እና ሐ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ በአነጋገር አይለዩም። በመሆኑም ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ ብሎ መሄድ ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ከዚያ በኋላ የሚቆጥሩት ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉና በማስታወሻ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩት። ጀማሪ ቆጣሪ ይህን ደረጃ የሚዘለው ግልጽ ስለሚመስለው ነው፤ ግን ግልጽ አይደለም። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ርግብ ትቆጠራለች? ከመስኮቱ ጠርዝ ተነሥታ ዞራ የተመለሰችውስ? የእኔ ደንብ፣ በወሰኑ ውስጥ በጠርዝ ወይም በቀዳዳ ላይ ያረፈ እያንዳንዱ ወፍ ይቆጠራል፣ በጣሪያና በሽቦ ላይ ያለው ለብቻው ይመዘገባል፣ በአየር ላይ ያለው አይቆጠርም የሚል ነው። ከዚህ ጎን ለጎን «የተያዘ ቦታ» የሚል ሁለተኛ ዓምድ አለኝ፤ የጎጆ ጭራሮ ከነወፉ የታየበት ጠርዝ በዚያ ይገባል። የርስዎ ደንብ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ዘንድሮ የጻፉትን ለከርሞ እስካልለወጡት ድረስ ችግር የለውም።

ርግቦቹን መለየትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ባለ ነጭ አንገትጌዋን ከተለመደችው የከተማ ርግብ የሚለያት ወጥ የሆነው ጥቁር ግራጫ ቀለሟና ማጅራቷ ነው፤ የከተማዋ ርግብ ነጭም፣ ቡናማም፣ ዝንጉርጉርም ልትሆን ትችላለች። በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላትና ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት ደግሞ ሌላ ዝርያ ናት፤ እርሷም ሕንጻ ላይ ታርፋለች። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚበልጠው የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። ስዊፍት የሚባሉት፣ ክንፋቸው ማጭድ የመሰለ ፈጣን ወፎች ግን ጠርዝ ላይ ስለማያርፉ በዚህ መንገድ አይቆጠሩም፤ ለእነርሱ ማምሻውን ወደየትኛው ቀዳዳ እንደገቡ ብቻ ይመዝግቡ።

ስለ ሰዓት ጥቂት ልዘርዝር። ርግቦቹ ሌሊቱን ግድግዳው ላይ አድረው ሲነጋ ወደ መመገቢያ ስፍራቸው ስለሚበተኑ፣ ቆጠራው ከመበተናቸው በፊት መሆን አለበት። ምልክቱ ሰማዩ ነው፤ ጋጋኖዎች እየጮኹ ከማደሪያቸው ሲነሡ በቦታዎ መገኘት፣ የጠርዙ ወፍ በዓይን መለየት እንደጀመረ ቆጠራውን መጀመር ነው። በመዝገቡ ላይ «1 ሰዓት» ብለው ብቻ አይጻፉ። ስልክዎ 7:00 ይላል፤ እርስዎ 1:00 ይላሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ግን የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ጠዋት 1:00» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ በተለይ ጳጉሜን አንዳንዴ 5 አንዳንዴ 6 ቀን በመሆኗ፣ ቀኑን ከጊዜ በኋላ ማስላት የአንድ ቀን ስሕተት ያመጣል። የክረምቱን ወራት ይዝለሉ። የኅዳርን እና የየካቲትን ወር ብንወስድ፣ በእያንዳንዳቸው በተለያዩ አምስት ማለዳዎች መቁጠር፣ ዓመቱን ሙሉ ደስ ሲል ብቻ ብቅ ከማለት እጅግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ቆጠራው ራሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከታች ግራ ጥግ ይጀምሩ፣ ፎቁን እስከ ቀኝ ይጨርሱ፣ ወደ ላይ ይውጡ። በእያንዳንዱ ክፍል ያዩትን ወዲያው ይጻፉ እንጂ በቃል አይያዙ። ሲጨርሱ ድምሩን ሳይሠሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን ድምር ያወቀ ዓይን ሁለተኛውን ወደዚያው መጎተቱ አይቀርምና። ሁለቱ በሰፊው ከተራራቁ ሦስተኛ ይጨምሩና የሦስቱን አማካይ ይውሰዱ፣ ሦስቱንም ግን በመዝገቡ ያቆዩ። ምንም ወፍ ያላዩበትን ማለዳም «0» ብለው ይጻፉ፤ ባዶ መስመር ያልመጡበት ቀን ነው፣ ዜሮ ግን መጥተው ያጡበት ቀን ነው።

በመሐል ከተማ ባይኖኩላር ወደ ሕንጻ ማቅናት ጥያቄ ያስነሣል፤ ተገቢም ነው። ቤተ መንግሥት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ኤምባሲ ካለበት አካባቢ ፈጽሞ ይራቁ። ለመረጡት ሕንጻ ደግሞ ከባለቤቱ ወይም ከአስተዳደሩ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከሚሠሩበት ወይም ከሚማሩበት ተቋም የትብብር ደብዳቤ ካለዎት ኮፒውን ከደብተሩ ጋር ይያዙ። ከደብዳቤው ይልቅ የሚጠቅመው ግን የጥበቃ ሠራተኛውን አስቀድሞ ቀርቦ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፣ እኔ ርግቦቹን ነው የምቆጥረው» ማለት ነው። አንድ ማለዳ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ደብተሬ ግማሽ ሰዓት ያህል ተይዞብኛል። በሚቀጥለው ቀን ባይኖኩላሩን ሰጥቼ ያሳየኋቸው እኚያው ሰው፣ አሁን ሌሊት ጉጉት ያረፈበትን መስኮት ጭምር የሚነግሩኝ እርሳቸው ናቸው። የሕንጻ ጥበቃ ሠራተኛ ግድግዳውን ከማንም ይልቅ ረጅም ሰዓት የሚያይ ሰው ነው፤ ዋርደን ለመባል ከእኔ የሚቀርበው እርሱ ነው።

የዋርደን ሥራ ሌላው ግማሽ ደግሞ ወፎቹን አለመረበሽና እንዳይረበሹ ማድረግ ነው። በባሕር ገደል ላይ ጀልባ ወይም ሰው በድንገት ቢጠጋ ጊልሞቶቹ ደንግጠው ሲነሡ እንቁላላቸው ወደ ባሕር ይረግፋል፤ የተረፈውንም ሌሎች ወፎች ይነጥቁታል። በሕንጻም ወደ ጣሪያው ወጥቶ ጎጆ ውስጥ መመልከት፣ ወፎቹ ተነሥተው እንዲቆጠሩ ማጨብጨብ ክልክል ነው። ለበዓል ቀለም መቀባት ወይም ጠርዝ ማጽዳት ከታሰበ አስተዳደሩን ቀድመው ያነጋግሩ። የተለመደችው የከተማ ርግብ እንቁላሏን 18 ቀን ገደማ ታቅፋ ጫጩቶቿን ለአንድ ወር ያህል በጎጆ ስለምታቆይ፣ ጎጆ ያለበትን አንድ ጠርዝ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንት እንዲያልፉት መጠየቅ ብዙ አያስከፋም። እግረኛ መንገዱን የሚያቆሽሸው ነገር እውነተኛ ቅሬታ ስለሆነ አይከራከሩበት። ከጠርዙ ሥር የሞተ ወፍ ካገኙ በባዶ እጅ አይንኩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወፍ ጉንፋን በስኮትላንድ ባስ ሮክ በምትባለው ደሴት ጋኔት የሚባሉትን የባሕር ወፎች እጅግ ጎድቷቸዋል፤ ከበሽታው የተረፉት የአንዳንዶቹ ዓይን ከሰማያዊነት ወደ ጥቁርነት ተለውጦ ተገኝቷል፤ ይህንንም ሊያስተውሉ የቻሉት ወፎቹን ቀድሞ በቅርብ ያውቋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ ብዙ የሞቱ ወፎች ካጋጠሙዎት ለእንስሳት ሐኪም ያመልክቱ።

ቄራ አካባቢ የሚዞሩትን ጥንብ አንሳዎች በዚህ ሥርዓት መቁጠር አይቻልም፤ ይዞራሉና አንዱ አምስት ጊዜ ይቆጠራል። ለእነርሱ ግማሽ ሰዓት ቆመው በአንድ ቅጽበት በአንድ ላይ ያዩትን ከፍተኛ ቁጥር ብቻ ይመዝግቡ። ትንሿ፣ ቀጭን ምንቃር ያላትና ፊቷ ላባ አልባ የሆነው ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ስለገባች፣ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ማውጣት ይገባል። ከሥጋ ቤት ደጃፍ ቁራጭ የሚነጥቀው ጭልፊትም በዚሁ ይመዘገባል።

አንድ ነገር ግን ከባሕሩ ገደል ይልቅ በእኛ ከተማ ይከሠታል፤ ግድግዳው ራሱ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከወፎቹ የአንዳንዶቹ ጠርዝም አብሮ ሄዷል። ሕንጻዎ የፈረሰ እንደሆነ መዝገቡን አይዝጉት። የፈረሰበትን ሳምንት ይጻፉ፣ በወሰኑ ውስጥ ያለውን ከዚያ በኋላ «ግድግዳ የለም» ብለው ከ«0» ለይተው ያስፍሩ፣ ቀጥሎ ባለው ሕንጻ ላይ አዲስ ወሰን አስምረው አዲስ መዝገብ ይጀምሩ። የሁለቱን ቁጥር አይደምሩ።

ቦታውን ለሌላ ሰው የሚያስረክቡበት ቀን ሲመጣ፣ የተሰመረበትን ፎቶግራፍ፣ የቆጠራ ደንቡን የያዘውን ገጽና ደብተሮቹን በአንድ ፖስታ ያድርጉ፤ ኮፒውንም በአዲስ አበባ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር መስጠት ይቻላል። ከማስረከብዎ በፊት ግን ከተተኪዎ ጋር ለሁለት ማለዳ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ሳትነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት ሳያይ ቁጠሩ። ከዚያም ቁጥሮቻችሁን ክፍል በክፍል አስተያዩ። «4 ረ» ላይ እርስዎ ስድስት፣ እርሱ አራት ካላችሁ፣ ባይኖኩላሩን ተቀባበሉና ሁለቱ ወፎች የት እንዳሉ አብራችሁ ፈልጉ፤ ልዩነቱንና ምክንያቱን ከሁለታችሁ ፊርማ ጋር በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት።