የሚንቀጠቀጡት ኤልኢዲዎች የተረጋጉበት መንገድ

በቤቴ የሠራሁት የብርሃን ሥዕል ሰሌዳ ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባሉ፣ ቀለማቸው በትእዛዝ የሚቀያየር 60 ኤልኢዲዎችን (ትንንሽ መብራቶችን) ኢኤስፒ32 በተባለ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ) የሚያዝ ሲሆን፣ ሰማያዊ ብቻ እንዲያበራ ባዘዝሁት ቁጥር እዚህም እዚያም አረንጓዴና ነጭ ብልጭ ይል ነበር። ሁለት ምሽት ሙሉ ፕሮግራሙን ስፈትሽ በከንቱ ደከምሁ፤ ጥፋቱ ግን ከቮልቴጁ ነበር። ኤልኢዲዎቹ በ5 ቮልት ሲሠሩ፣ የሚላክላቸውን ምልክት «1» ብለው በአስተማማኝ ሁኔታ ለመቀበል የኃይል ምንጫቸውን 70 በመቶ፣ ማለትም 3.5 ቮልት ይሻሉ፤ ኢኤስፒ32 የሚያወጣው ግን 3.3 ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ምልክቱን ከ3.3 ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርግ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ 74ኤኤችሲቲ125 ቺፕ በየድሁ፤ ቺፑ ምልክት እንዲያሳልፍ የሚፈቅደውን እግር ከግራውንድ (ከ0 ቮልት መስመሩ) ጋር ማገናኘቱን ረስቼው ስለነበር በመጀመሪያ አንድም መብራት አልበራም። ከመጀመሪያው ኤልኢዲ መግቢያ አጠገብም በምልክቱ መስመር ላይ 330 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ አካል) ጨመርሁ። አሁን ሰማያዊው ሰማያዊ ብቻ ነው።